ዋቢን በትእዛዝ መስመር መፈለግ፦ የስድሳ ዓመት ጥያቄ ዳሰሳ

ስለ አንድ ጉዳይ ቀደም ብሎ የተጻፈውን ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ዛሬ በአብዛኛው የድር ገጽ ከፍቶ ሳጥን ውስጥ ቃል ይጽፋል። ከዚህ ቀድሞ የተፈጠረና እስካሁንም በሥራ ላይ ያለ ሌላ መንገድ አለ፤ ተርሚናል ከፍቶ የዋቢ ዳታቤዙን በጽሑፍ ትእዛዝ መጠየቅ። የሕክምና ጥናት ገምጋሚዎች፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችና ላቴክ በተባለው የሰነድ ማዘጋጃ የሚጽፉ የሒሳብና የፊዚክስ ሰዎች ይህን መንገድ አልተዉትም። ያልተዉት ልማድ ይዟቸው ነው ወይስ ሳጥኑ የማይሰጠው ነገር ስላለ?

ጥያቄው አንድ ይምሰል እንጂ ሦስት ጉዳዮችን ይዟል። የመጀመሪያው በራስ ኮምፒውተር ላይ በተቀመጠ የዋቢ ፋይል ውስጥ መፈለግ ነው። ሁለተኛው በሩቅ ሰርቨር ላይ ያለን ዳታቤዝ፣ ለምሳሌ ፐብሜድን፣ በትእዛዝ መጠየቅ ነው። ሦስተኛው የሩቁን መዝገብ በጅምላ አውርዶ በቤት ማሰስ ነው። ለአንዱ የቀረበ መከራከሪያ ለሌላው ላይሠራ ይችላል፤ በጉዳዩ ላይ ያለው አለመግባባትም በከፊል የሚመጣው ሦስቱ ሳይለዩ ስለሚነሡ ነው።

ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በፍጥነትና በምቾት ዙሪያ ይሽከረከራል። ታሪኩና ማስረጃው ሲታይ ክብደት ያላቸው ነጥቦች ሌሎች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ በትእዛዝ የቀረበ ጥያቄ በጽሑፍ ስለሚቀር ሌላ ሰው ሊያነበው፣ ሊተቸውና ሊደግመው ይችላል። ሁለተኛ፣ ጥያቄው የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን መልሱ መዝገቡ ከተጻፈበት አኳኋን አያልፍም። ይህ ሁለተኛው ነጥብ በግእዝ ፊደል ለሚመዘገቡ ሥራዎች ይበልጥ ይከብዳል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሳጥኑ ከመምጣቱ በፊት

በ1964 የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ሜድላርስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ሥራ ላይ አዋለ። በዚያ ጊዜ ፈላጊው ከኮምፒውተሩ ጋር በቀጥታ አይገናኝም፤ ጥያቄውን ይልካል፣ ባለሙያ ይቀምርለታል፣ ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር ተጠራቅሞ ይሠራል፣ የታተመው ዝርዝር ከሳምንታት በኋላ ይደርሰዋል። በ1971 ሜድላይን ሲከፈት ግን በስልክ መስመር በተገናኘ ተርሚናል ጠይቆ ወዲያው መልስ ማየት ተቻለ። በሎክሂድ ኩባንያ ውስጥ በሮጀር ሰሚት መሪነት የተሠራው ዳያሎግም በ1972 ለገበያ ቀረበ።

የዳያሎግ ትእዛዞች ጥቂት ነበሩ። አንዱ ዳታቤዝ ይመርጣል፤ ሌላው ቃል ፈልጎ ውጤቱን ቁጥር የተሰጠው ስብስብ ያደርገዋል፤ ሌላው መዝገቦቹን ያትማል። ስብስቦቹን በ«እና»፣ በ«ወይም» እና በ«ያለ» ማጣመር ይቻላል። ዛሬ ይበልጥ ሊታወስ የሚገባው ግን ማውጫውን ዘርግቶ የሚያሳየው ትእዛዝ ነው። አንድ ስም ሲሰጠው በማውጫው ውስጥ ከስሙ በፊትና በኋላ ያሉትን ቃላት ከብዛታቸው ጋር ይደረድራል። ፈላጊው ስሙ በስንት ዓይነት አጻጻፍ እንደ ተመዘገበ አስቀድሞ አይቶ፣ ከዚያ በኋላ ይፈልጋል። በተለመደው የድር ሳጥን ይህ እይታ የለም።

ክፍያው መስመሩ ክፍት በቆየበት ጊዜ ልክ ይሰላ ስለነበር ፍለጋው በሠለጠኑ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች እጅ ነበር። ባለሙያው ከጠያቂው ጋር ተነጋግሮ ጥያቄውን በወረቀት ላይ ካዘጋጀ በኋላ ነው መስመሩን የሚከፍተው። ውድነቱ ያስከተለው ይህ ልማድ፣ ጥያቄን እንደ ሰነድ ማዘጋጀት፣ ከሥርዓቱ ዕድሜ አልፎ ኖሯል። እያንዳንዱ አገልግሎት የራሱ ትእዛዞች ስለነበሩት አንድ ወጥ የትእዛዝ ቋንቋ ለማውጣት ተሞክሮ በ1993 አይኤስኦ 8777 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣ። ደረጃው ሲጸድቅ ግን የድር ገጽ ዘመን ደጃፍ ላይ ደርሶ ነበር።

በታዳጊ አገሮች የነበረው ጉዞ ለየት ይላል። ዩኔስኮ በ1985 ለአነስተኛ ኮምፒውተሮች ያዘጋጀውና በነጻ ያደለው ሲዲኤስ አይሲስ በብዙ የአፍሪካ፣ የእስያና የላቲን አሜሪካ ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያው የዋቢ ዳታቤዝ ሆነ። የጥያቄ ቋንቋው ምልክቶችን ይጠቀማል፤ ኮከብ ለ«እና»፣ የመደመር ምልክት ለ«ወይም»፣ የዶላር ምልክት ቃልን ከበስተቀኝ ለመቁረጥ። ለእነዚህ ቤተ መጻሕፍት በትእዛዝ መፈለግ በርካሽ ኮምፒውተር፣ ያለ ስልክ መስመር፣ በራስ ዲስክ ላይ የሚከናወን ሥራ ነበር።

ዩኒክስና ተራው ፋይል

በቤል ላቦራቶሪ የተሠራው ዩኒክስ ለጉዳዩ ሌላ መነሻ ሰጠው፤ ዳታቤዙ ራሱ በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ የሚከፈት ተራ ፋይል ሆነ። ኬን ቶምፕሰን የጻፉት ግሬፕ በ1973 በዩኒክስ ውስጥ ተካተተ። ግሬፕ ፋይሉን መስመር በመስመር እያነበበ ከተሰጠው ንድፍ ጋር የሚስማማውን መስመር ያወጣል። ለዋቢ ሥራ ግን ጉድለት አለበት፤ በአንድ መዝገብ ውስጥ ደራሲው በአንድ መስመር፣ ርእሱ በሌላ፣ ዓመቱ በሦስተኛው ይጻፋል። ደራሲውን ያገኘው ግሬፕ ርእሱን አያሳይም፤ «የዚህ ደራሲ፣ የዚያ ዓመት» የሚል ድርብ ጥያቄንም በአንድ ጊዜ አይመልስም። በ1977 የመጣው ኦክ በባዶ መስመር የተለያዩ አንቀጾችን እያንዳንዳቸውን እንደ አንድ መዝገብ ማንበብ በመቻሉ ይህን ክፍተት ሞላ።

በ1978 ማይክ ሌስክ ሪፈርን አቀረቡ። መዝገቡ በመቶኛ ምልክትና በአንድ የላቲን ፊደል የሚጀምሩ መስመሮች ናቸው፤ ኤ ለደራሲ፣ ቲ ለርእስ፣ ዲ ለዓመት። ጸሐፊው በጽሑፉ መካከል ሁለት ሦስት ቃል ጣል ያደርጋል፤ ሪፈር እነዚያን ቃላት የያዘውን መዝገብ ፈልጎ ሙሉውን ዋቢ በቦታው ያስገባል። ሉክቢብ የተባለው ጓደኛው ያንኑ ፍለጋ በተርሚናል ላይ ያካሂዳል። ፍለጋውን የሚያፋጥነው እያንዳንዱ ቃል በየትኞቹ መዝገቦች እንደሚገኝ አስቀድሞ የሚይዝ የተገለበጠ ማውጫ ነው። ማውጫው እንዳይተልቅ ቁልፍ ቃላት በስድስት ፊደል ይቆረጣሉ፤ ከሦስት ፊደል ያነሱ ቃላትና በእንግሊዝኛ እጅግ የተለመዱ 100 ቃላት ይጣላሉ። ውሳኔው ቆጣቢ ነበር፤ የመዝገቡ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው የሚል ግምትም በውስጡ ተቀምጧል።

በ1985 ኦረን ፓታሽኒክ ከሌስሊ ላምፖርት ጋር ለላቴክ የሚሠራውን ቢብቴክን አወጡ። ቢብቴክ እያንዳንዱን መዝገብ በልዩ መለያ ይጠራዋል፤ ጸሐፊው መለያውን ሲጠቅስ ዋቢው ይመጣለታል። ስለዚህ ቢብቴክ ራሱ አይፈልግም፤ የተጠራውን ብቻ ያመጣል። መፈለግን ከመጥቀስ የለየው ይህ አሠራር ለሌሎች መሣሪያዎች ቦታ ከፈተ። የጌርድ ኖይገባወር ቢብቱል መዝገቦችን በንድፍ ይመርጣል፣ ይደረድራል፣ ድግግሞሽ ያወጣል። ዣን ክሪስቶፍ ፊሊያትርና ክሎድ ማርሼ ያዘጋጁት ቢብቱቢብ «ደራሲው እንትና፣ ዓመቱ ከ2000 በላይ» የመሰለ ሁኔታ ተቀብሎ የተጣራ ፋይል ይመልሳል። በዩታ ዩኒቨርሲቲ ኔልሰን ቢብ ደግሞ ፋይሎችን የሚያጸዱና የሚፈትሹ መሣሪያዎችን ለዐሥርት ዓመታት ሲሠሩ ቆይተው የቢብቴክን መዝገብ ኤስኪውኤል በተባለው የዳታቤዝ ቋንቋ ወደሚጠየቅ ሠንጠረዥ የሚያስገባ መንገድም አበጅተዋል።

ሦስት አቋሞች

በራስ ፋይል ውስጥ ስለመፈለግ ዛሬ ያለው ክርክር በሦስት አቋሞች ሊጠቃለል ይችላል።

የመጀመሪያው «ተራ ጽሑፍ ይበቃል» ይላል። ትልቁ ማስረጃው ዕድሜ ነው። የሪፈር አጻጻፍ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ግሮፍ በተባለው የሰነድ ማዘጋጃ ዛሬም ይነበባል፤ ኤንድኖት የተባለው የንግድ ሶፍትዌርም የዚያኑ አጻጻፍ ዝርያ ይቀበላል። መጠኑም አያስፈራም። አንድ መዝገብ 500 ባይት ቢሆን 10,000 መዝገብ 5 ሜጋባይት ነው፤ ይህን ያህል ጽሑፍ ለዛሬ ኮምፒውተር ከመነሻው እስከ መድረሻው ቢነበብም የዐይን ጥቅሻ አይፈጅም። በሌስክ ዘመን ማውጫን ግድ ያደረገው ምክንያት ለግለሰብ ስብስብ ቀርቷል ማለት ይቻላል። ደካማ ጎኑ የመዋቅር ነው። በቢብቴክ ውስጥ አንድ ርእስ በሁለት መስመር ሊሰበር፣ አንድ ፊደል በቅንፍና በልዩ ምልክት ሊጻፍ ይችላል፤ የጽሑፍ ፍለጋ ሁለቱንም ያልፋቸዋል።

ሁለተኛው አቋም «ሠንጠረዥና ማውጫ ያስፈልጋል» የሚል ነው። መዝገቡ እንደ ኤስኪውላይት ባለ ዳታቤዝ ውስጥ ሲገባ ደራሲን ከርእስ፣ ርእስን ከዓመት ለይቶ መጠየቅ፣ መቁጠርና ማነጻጸር ይቻላል። በየዓመቱ ስንት ሥራ እንደ ወጣ ወይም የትኞቹ መዝገቦች ዓመት እንደ ጎደላቸው ለማወቅ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ጉዳቱ ከምንጩ ጋር የሚፈጠረው መራራቅ ነው፤ ፋይሉ ሲታረም ሠንጠረዡ ካልታደሰ ሁለት እውነት ይኖራል።

ሦስተኛው «ትእዛዝ ከመስኮት ጋር ይኑር» ይላል። መዝገብ መሰብሰብ በመዳፊት ይቀላል፤ መጠየቅና መላክ በትእዛዝ። በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2006 የወጣው የዋቢ ማደራጃ ዞቴሮ ሁሉንም በአንድ የኤስኪውላይት ፋይል ያስቀምጣል። ይሁንና አንድን ርእስ ብቻ ለማውጣት በርካታ ሠንጠረዦችን ማገናኘት ስለሚጠይቅ፣ አሠሪዎቹም ፋይሉን በቀጥታ መለወጥ አደገኛ መሆኑን ስለሚያስጠነቅቁ፣ ብዙዎች ሲቸገሩ ኖረዋል። በ2024 የወጣው ዞቴሮ 7 በዚያው ኮምፒውተር ላይ ለሚሠሩ ፕሮግራሞች የጥያቄ በር ከፍቷል። ፓፒስ የተባለው መሣሪያ ደግሞ መሐል ላይ ይቆማል፤ ለእያንዳንዱ ሰነድ ማኅደር አበጅቶ መግለጫውን በተራ ጽሑፍ ያስቀምጣል፣ ፍለጋውን በትእዛዝ ያካሂዳል።

በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከሚባለው ያነሰ ነው። ሁሉም የሚስማሙበት፣ ምንጩ ሊነበብ በሚችል መልክ መውጣት እንዳለበት ነው። የሚለያዩት ዋናው ቅጂ ፋይሉ ይሁን ወይስ ሠንጠረዡ በሚለው ላይ ነው፤ መልሱም በአንድ ስብስብ ላይ በሚሠሩት ሰዎች ብዛት ይወሰናል።

ወደ ሩቅ ሰርቨር

የሩቅ ፍለጋ ሌላ ባሕርይ አለው፤ ማውጫው የባለቤቱ ነው፣ ደንቡም የባለቤቱ። ቤተ መጻሕፍት እርስ በርስ እንዲጠያየቁ የወጣው ዜድ 39.50 የተሰኘ ፕሮቶኮል በ1988 ተጀምሮ በ1998 አይኤስኦ 23950 ሆኗል። መቀመጫውን ኮፐንሃገን ያደረገው ኢንዴክስ ዳታ የሚያዘጋጀው ያዝ ይህን ፕሮቶኮል በተርሚናል ያስጠይቃል። መስኮቹ በቁጥር ይጠራሉ፤ 4 ርእስ፣ 7 የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ 21 የጉዳይ ርእስ፣ 1003 ደራሲ። ሐሳቡ አንድን ጥያቄ ለብዙ ቤተ መጻሕፍት ማቅረብ ነበር። በተግባር ግን አንዱ ሰርቨር ቃሉን የትም ቢገኝ ሲቀበል ሌላው መስኩ ሙሉ በሙሉ እንዲገጥም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ያው ጥያቄ በሁለት ቦታ ሁለት ነገር ማለት ይሆናል።

በሕክምናው ዘርፍ ከሁሉ የዳበረው ከ35 ሚሊዮን በላይ መዝገብ ለያዘው ፐብሜድ የተዘጋጀው ኤንትሬዝ ዳይሬክት ነው። አንዱ ትእዛዝ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው መዝገቦቹን ያመጣል፣ ሦስተኛው የሚፈለገውን መስክ ይለያል፤ የአንዱን ውጤት ለቀጣዩ ግብአት በሚያደርገው የዩኒክስ ቧንቧ ይገናኛሉ። ያለ ቁልፍ በሰከንድ 3፣ በቁልፍ 10 ጥያቄ ይፈቀዳል። ሆኖም ተርሚናል መጠቀም ከሰርቨሩ ትርጓሜ ነጻ አያወጣም። ፐብሜድ መስክ ያልተጠቀሰበትን ቃል ራሱ ወደ ሕክምና መዝገበ ቃላቱ ይመልሰዋል። ከሳጥኑ የሚለየው በትእዛዝ ሲጠየቅ የተተረጎመው ጥያቄ ከመልሱ ጋር ተመልሶ ሊቀመጥ መቻሉ ነው።

በ2000 የተመሠረተው ክሮስሬፍ ከ150 ሚሊዮን በላይ መዝገቦቹን በነጻ ያስጠይቃል። ዲኦአይ የተባለው መለያ ቁጥር በእጅ ካለ ደግሞ ከርል በተባለው መሣሪያ አንድ መስመር ጽፎ የተዘጋጀ የቢብቴክ መዝገብ ማግኘት ይቻላል። መዝገቡን የሚሞላው አሳታሚው ነው፤ አሳታሚው የጸሐፊውን ስም ከሳተ ስሕተቱ እንዳለ ይመጣል። በ2004 የተከፈተው ጉግል ስኮላር ግን ለፕሮግራሞች የከፈተው በር የለም፤ ስፋቱ የቱንም ያህል ቢሆን በትእዛዝ መስመር ለሚሠራ ሰው እንደ ተዘጋ ነው።

ኦኤአይ ፒኤምኤች የሚባለው ፕሮቶኮል ከእነዚህ ተለይቶ መታየት አለበት። ሁለተኛው እትሙ በ2002 የወጣው ይህ ፕሮቶኮል አይፈልግም፤ መዝገቦችን በቀንና በስብስብ ከፍሎ ያስረክባል። ፍለጋው አውራጁ ቤት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ብዙ ተቋማት የመመረቂያ ጽሑፎችን የሚያኖሩበት ዲስፔስ ይህን ፕሮቶኮል ይደግፋል። ግንኙነት በሚቆራረጥበት አገር አንዴ አውርዶ ሁልጊዜ መፈለግ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው። የወረደው ቅጂ በሚያረጅበት ፍጥነት ልክ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል።

ማስረጃው ምን ያሳያል?

የፍለጋን ብቃት በሙከራ የመለካት ልማድ የተተከለው በእንግሊዝ አገር በክራንፊልድ ነው። ሲሪል ክሌቨርደን በ1960ዎቹ በ1,400 የበረራ ሳይንስ ሰነዶች ላይ ባካሄዱት ሁለተኛ ሙከራ ሁለት መለኪያዎች ጸኑ፤ ከተገኘው ስንቱ ይጠቅማል፣ ከሚጠቅመው ስንቱ ተገኘ የሚሉት። ያልተጠበቀውም ውጤት በባለሙያ ከተቀመረ የጉዳይ መዝገበ ቃላት ይልቅ ከሰነዱ የተወሰዱ ነጠላ ቃላት የተሻለ መሥራታቸው ነበር። ጽሑፍን እንዳለ ለሚያስሱ መሣሪያዎች ይህ ቀደምት ድጋፍ ነው።

በ1985 ዴቪድ ብሌርና ኤም. ኢ. ማሮን ያሳተሙት ጥናት ወደ ሌላ አቅጣጫ ጠቆመ። 40,000 ያህል የሕግ ክርክር ሰነዶችን በአይቢኤም ስቴርስ ሥርዓት እንዲፈለጉላቸው ያደረጉ ጠበቆች ከሚጠቅመው ቢያንስ 75 በመቶውን አግኝተናል ብለው አምነው ሳለ፣ በእርግጥ የተገኘው በአማካይ 20 በመቶ ገደማ ነበር። ያገኙት አብዛኛው ጠቃሚ ስለነበር ያመለጣቸውን አላዩትም። ጄራርድ ሳልተን በማግስቱ ዓመት ውጤቱ የጽሑፍ ፍለጋን በጠቅላላው አይኰንንም ሲሉ ተከራክረዋል። ክርክሩ የቱንም ያህል ቢቀጥል አንድ ነገር አስጨብጧል፤ ፈላጊው ስለ ፍለጋው ምሉእነት ያለው ስሜት ማስረጃ አይሆንም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው፤ መደገምና መሟላት። ለሕክምና ጥናቶች ግምገማ በ2021 የወጣው ፕሪዝማ ኤስ የተባለ መመሪያ የፍለጋ ጥያቄው ቃል በቃል፣ ከነቀኑ፣ እንዲቀርብ ይጠይቃል። ሚካኤል ጉሰንባወርና ኒል ሃዳወይ በ2020 ባሳተሙት ፍተሻ ከ28 የፍለጋ ሥርዓቶች ለእንዲህ ያለ ግምገማ በዋና ምንጭነት ብቁ ሆነው ያገኟቸው 14 ብቻ ናቸው፤ ጉግል ስኮላር ከእነዚህ ውስጥ የለም። ትእዛዝ መስመር ለመደገም ትልቅ አቅም ይሰጣል፤ ጥያቄው ፋይል ነው፣ ቀኑም ሊመዘገብ ይችላል። መሟላትን ግን በራሱ አይሰጥም። የተሳሳተ ጥያቄ መቶ ጊዜ ቢደገም መቶ ጊዜ ያንኑ ያጣል፤ የሚሻለው ስሕተቱ የት እንደ ተሠራ በኋላ ሊታይ መቻሉ ነው።

የግእዝ ፊደል ፈተና

እስካሁን የተነሡት መሣሪያዎች በሙሉ ማለት ይቻላል የተፈተኑት በላቲን ፊደል ነው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በየድርጅቱ ፎንት የተጻፈ መዝገብ ወደ ዩኒኮድ ካልተለወጠ ለማንኛውም ፍለጋ ስውር ነው። ዩቲኤፍ 8 በተባለው የዩኒኮድ የባይት አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ቁልፍ ቃልን በባይት ቆጥሮ በስድስት የሚቆርጥ መሣሪያ ከአማርኛ ቃል ሁለት ፊደል ብቻ ያስተርፋል። መሣሪያው በፊደል የሚቆጥር ከሆነም ከሦስት ፊደል በታች ያለውን ጣል የሚለው ደንብ «ሰው»ን፣ «ጦር»ን እና «ሕግ»ን አብሮ ይጥላል።

ከዚያ የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ይመጣል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሚለው ስም የመጀመሪያው ፊደል በጸ ወይም በፀ፣ በኋላኛው ቃል ያለው ኅ በህ ወይም በሕ፣ «ገብረ መድኅን»ም ተለያይቶ ወይም ተገጥሞ ሊጻፍ ይችላል። ሁለት በሦስት በሁለት ሲባዛ 12 አጻጻፍ ነው፤ ሁሉም ለአንባቢ አንድ ሰው፣ ለኮምፒውተር 12 የተለያዩ ሰዎች። የኤስኪውላይት የጽሑፍ ፍለጋ ከላቲን ፊደላት ላይ ያሉ ምልክቶችን አንሥቶ ያስተካክላል፤ ሐንና ሀን ግን አንድ አያደርግም። በግሬፕ [ሐሀኀ]ዲስ [ዓዐአኣ]ለማየሁ ብሎ በቅንፍ አማራጭ መስጠት ይቻላል፤ የሲስተሙ የፊደል ኮድ ዩቲኤፍ 8 ካልሆነ ግን ቅንፉ ፊደሎቹን ወደ ባይት ሰባብሮ ትርጉም የለሽ ያደርጋቸዋል።

መፍትሔው ሁሉንም ሞክሼ ወደ አንድ ማጠፍ ነው የሚሉ አሉ። ለዘመናዊ አማርኛ ያስኬዳል። ለግእዝ ጽሑፍ ግን ሠረቀና ሰረቀ የተለያዩ ግሦች ናቸው፤ አንዱ የፀሐይ መውጣት፣ ሌላው ሌብነት ነው። ሁለቱንም ወገን የሚያስማማው መታጠፉ በማውጫው ላይ ብቻ እንዲሆን፣ መዝገቡ ግን ደራሲው ወይም አሳታሚው እንደ ጻፈው እንዲቀር ማድረግ ነው። መታጠፍ ያለበት የትኛው ፊደል እንደሆነ ግን ስምምነት የለም፤ ሀንና ሃን፣ ኸንና ሀን አንድ ማድረግ ላይ ሐሳቦች ይለያያሉ።

የቃል አወቃቀርም አለ። በእንግሊዝኛ ቃልን ከኋላው መቁረጥ ብዙ ዝርያዎችን ይይዛል። በአማርኛ የ፣ በ፣ ለ እና ከ ከፊት ይጣበቃሉ፤ በቃል የተሠራ ማውጫ ውስጥ «ኢትዮጵያ» እና «የኢትዮጵያ» የሚገናኙበት መንገድ የለም። እዚህ ላይ ኋላቀር ተብሎ የሚታየው ግሬፕ ብልጫ አለው፤ ቃሉን የትም ቢቀበር ያገኘዋል። ነገር ግን «ታሪክ» ብሎ የፈለገ «ታሪኩ»ንም «ታሪኮች»ንም ያጣል፤ ክ ወደ ኩና ወደ ኮ ስትለወጥ ለኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል ናትና። «ታሪ» ድረስ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ያልተፈለገው ሁሉ ይጎርፋል። ኤስኪውላይት በ2020 የጨመረው ጽሑፍን በሦስት በሦስት ፊደል እየከፈለ የሚያወጣ ማውጫ የመሐል መንገድ ይሰጣል፤ ከሦስት ፊደል ያነሰ ጥያቄ ግን አይመልስም፣ «ሰው»ም እንደገና ደጅ ይቀራል።

ስም፣ ዓመትና መለያ ቁጥር

ቢብቴክ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ያነባል። ሐዲስ ዓለማየሁ ስለዚህ በአባታቸው ስም ይደረደራሉ። ሙሉውን ስም በተጨማሪ ቅንፍ መክበብ፣ በዞቴሮም በአንድ መስክ መጻፍ ችግሩን ያቃልላል፤ የተለያዩ ሰዎች የሞሉት ስብስብ ውስጥ ግን ሁለቱም አሠራር ተቀላቅሎ ይገኛል። የውጭ ቤተ መጻሕፍት በላቲን ፊደል የሚገለብጡበት ሥርዓትም አንድ አይደለም። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት የሚሠሩበት ሠንጠረዥ፣ በሀምቡርግ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ የተከተለው ሥርዓትና ደራሲዎች ራሳቸው ስማቸውን በእንግሊዝኛ የሚጽፉበት ልማድ ሦስት የተለያዩ ቅርጾች ያመነጫሉ።

ዓመትም ቁጥር ስለሆነ ብቻ የጠራ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ይህ ከመስከረም 1965 እስከ መስከረም 1966 የሚዘልቅ ስለሆነ በመዝገቦች ላይ 1958፣ 1965 ወይም 1966 ሊጻፍ ይችላል። «ከ1960 በኋላ የወጡ» የሚል የሠንጠረዥ ጥያቄ አንዱን መዝገብ ጥሎ ሌላውን ሊይዝ ነው። የመስክ ፍለጋ ከጽሑፍ ፍለጋ ይልቅ ትክክል ነው የሚለው የሁለተኛው አቋም ክርክር የቆመው መስኩ አንድ ነገር ማለቱ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያመልጠው መለያ ቁጥር ነው። ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ያነሣው ፕሮጀክት ለእያንዳንዱ ቅጂ የሰጠው ቁጥር በየትኛውም ቋንቋ የሚጽፍ ምሁር ሳይለውጥ የሚጠቅሰው ሆኗል፤ አጻጻፉ የተለያየ ርእስ የማይሰጠውን ቁጥሩ ይሰጣል። በሀምቡርግ የሚሠራው ቤተ መጻሕፍት የተባለው የብራናዎች ፕሮጀክትም መግለጫዎቹን በኤክስኤምኤል ፋይል ለሕዝብ ስለሚያቀርብ መዝገቦቹን አውርዶ በትእዛዝ ማሰስ ይቻላል። የታተሙት የአማርኛ መጻሕፍት ግን በአብዛኛው ዲኦአይ የላቸውም፤ የቆዩት የመጽሐፍ መለያ ቁጥርም የላቸውም።

ያልተቋጩ ነጥቦች

ዛሬ የሚካሄደው ክርክር ሦስት አንጓ አለው። የመጀመሪያው የክፍትነት ነው። በጥር 2022 ሥራ የጀመረው ኦፕንአሌክስ የተባለ የዋቢ ዳታቤዝ መዝገቡን በነጻ ሲያቀርብ፣ ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ የተባሉት በክፍያ ናቸው። ክፍት ምንጭ ብቻ መጠቀም ለመደገም ይመቻል፤ ክፍያ የሚጠይቁት መጽሔቶችን ሲመርጡ የሚያደርጉት ጥንቃቄ ግን ይቀራል። የሁለቱ ሚዛን በየዘርፉ ይለያያል።

ሁለተኛው የቋንቋ ሞዴሎች ጉዳይ ነው። ጥያቄን በተራ ቋንቋ ተቀብለው ትእዛዙን ይጽፋሉ፤ የሌሉ ዋቢዎችንም ይፈጥራሉ። ዲኦአይ ያለውን ዋቢ በትእዛዝ ማረጋገጥ ቀላል ነው። መለያ የሌለውን የአማርኛ መጽሐፍ ማረጋገጥ ግን አሁንም ካታሎግ መክፈት፣ አንዳንዴም መደርደሪያ ድረስ መሄድ ይጠይቃል።

ሦስተኛው የባለቤትነት ነው። ከተጠቀሱት መሣሪያዎች በርካቶቹ በአንድ ወይም በሁለት ሰዎች ትከሻ ላይ የቆሙ ናቸው። የተራ ጽሑፍ ወገኖች መሣሪያው ቢሞት ፋይሉ ይኖራል ይላሉ፤ እውነት ነው፤ ፋይሉን የሚጠይቀው ዕውቀት ግን ከመሣሪያው ጋር ሊጠፋ ይችላል።

ከማስረጃው ተነሥቶ መፍረድ ከተፈለገ፣ ሌላ ሰው ሊፈትሸው ለሚገባ ሥራ ሁሉ የትእዛዝ መስመር ብልጫ ጸንቷል፤ ለአንድ ጊዜ ፍለጋ ግን ሳጥኑ በቂ ነው። ለአማርኛና ለግእዝ ሥራዎች መሣሪያ መምረጥ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ይወርዳል። ቀዳሚው፣ የትኞቹ ሞክሼዎች በማውጫ እንደሚታጠፉ፣ ስም በየትኛው መስክ እንደሚገባና ዓመት ከየትኛው አቆጣጠር ጋር እንደሚጻፍ በተቋማት መካከል የሚጸድቅ አንድ ክፍት ሠንጠረዥ ማውጣት ነው። እንዲህ ያለው ሠንጠረዥ ከጥቂት ገጾች አይበልጥም፤ እስኪጸድቅ ድረስ ግን እያንዳንዱ ፈላጊ የራሱን እያበጀ፣ ያመለጠውን ሳያውቅ ይፈልጋል።